«ቪዥን» እያሉ አርቆ አለማየት



በአጥቢያዎቻችን ሰው ከሚወቀስባቸው አባባሎች አንዱ «ቪዥን የለውም» የሚለው ሆኗል። መጋቢው ቪዥን የለውም፤ የመዘምራን መሪው ቪዥን የለውም፤ ሊያገባት የጠየቃት ወንድም ጥሩ ሰው ነው፣ ጸሎተኛ ነው፣ ግን «ቪዥን የለውም»። ቃሉ ከእንግሊዝኛ መምጣቱ አያስከፋንም፤ ከ«ኮንፈረንስ» እና ከ«ፕሮግራም» ጋር ገብቶ ቤተኛ ሆኗል። የሚያሳስበን ሌላ ነው። ይህን ቃል የተበደርንበት ቋንቋ አርቆ የማያየውን፣ ለነገ የማያስበውን ሰው የሚጠራባቸው ብዙ ቃላት አሉት፤ አንዳንዶቹ ጥበብ ያዘሉ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ድሃን ለመግፋት ያገለገሉ ናቸው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን አንዱ፣ ያማረው ብቻ ነው። የቀሩትን ዘርግተን ብናያቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚገናኙበትም የሚጣሉበትም ቦታ አለ። ጥቂቶቹን እናንሣና ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመጣለን። እንግሊዝኛ ልናስተምር አይደለም፤ ለዚያ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከፍቷል።

ከቀላሉ እንጀምር። «ሾርትሳይትድ» ማለት ሲፈታ እይታው አጭር የሆነ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህን አንድ ቃል ለሁለት ሰው ይጠቀሙበታል፤ የሩቅ ጽሑፍ ለሚደበዝዝበትም፣ የነገውን ለማያስበውም። አሜሪካኖች ግን ለይተውታል። መነጽር የሚያስፈልገውን «ኒርሳይትድ» ይሉታል፤ ማስተዋል የጎደለውን «ሾርትሳይትድ»። ስለዚህ ከአሜሪካ ወደ ለንደን የተዛወረ ወገናችን የዓይን ሐኪሙ «ሾርትሳይትድ ነህ» ቢለው ስድብ እንዳይመስለው። ተቃራኒውም ያስገርማል። «ፋርሳይትድ» የሚለው ቃል በአሜሪካ የአርቆ አሳቢ ሰው ማመስገኛ ሲሆን የዓይን ችግር ስምም ነው፤ የሩቁ እየታየው መዳፉ ላይ ያለውን ማንበብ የሚሳነው ሰው እንዲሁ ይጠራል። እንግሊዞች ለዚህኛው «ሎንግሳይትድ» የሚል ሌላ ቃል አውጥተው ምስጋናውን ለብቻው አኑረውታል። አሜሪካኖቹ ሳያስቡት ትልቅ ነገር የተናገሩ ይመስለናል። የሩቁን ብቻ ማየትም ሕመም ሊሆን ይችላልና፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

የተማረ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ «ማዮፒክ» ይላል። ሐኪሞች «ማዮፒያ» ከሚሉት ሕመም የመጣ ቃል ነው፤ ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ስለሚሰበሰብ የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። ሥሩ ግሪክ ነው። ሁለት ቃል የተጣመረበት ሲሆን አንዱ መዝጋት፣ ሌላው ዓይን ማለት ነው። መነጽር የሌለው ተማሪ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳ ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያጠብባል። ግሪኮች ሕመሙን የሰየሙት በዚህ ምልክት ነው።

ይህ የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፤ 2ኛ ጴጥሮስ 1፡9 ላይ። ሐዋርያው ከቁጥር 5 ጀምሮ በእምነት ላይ የሚጨመሩትን ይዘረዝራል፦ በጎነት፣ እውቀት፣ ራስን መግዛት፣ መጽናት፣ እግዚአብሔርን መምሰል፣ የወንድማማች መዋደድ፣ ፍቅር። እነዚህ የጎደሉትን ሰው ዕውር ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ በዚያው ዓረፍተ ነገር ይህን ዓይን የማጥበብ ቃል ይጨምርበታል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ቃሉን ቅርቡን ብቻ ከማየት ጋር አያይዞ በሐረግ ፈትቶታል።

የአዲስ ኪዳን መምህራን እዚህ ላይ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ሰውየው ዕውር ከሆነ እንዴት ቅርቡን ያያል? ቅርቡን ካየስ እንዴት ዕውር ይባላል? አንዳንዶቹ ሁለተኛው ቃል የመጀመሪያውን ያለዝበዋል ይላሉ፤ ፈጽሞ የታወረ ሳይሆን ለሩቁ የታወረ ነው። ሌሎች ደግሞ የቃሉን ሥር ይዘው፣ ሰውየው የታወረው ዓይኑን ራሱ ስለ ጨፈነ ነው ይላሉ። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ምክንያቱም ጴጥሮስ አስከትሎ የሚናገረው ነገር የዓይን አቅም ጉዳይ አይደለም። ያ ሰው ቀድሞ ከሠራው ኃጢአት መንጻቱን ረስቷል ይላል። መርሳት ነው ሕመሙ።

ይህን በማንኛውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አናገኘውም። በዕለት ተዕለቱ እንግሊዝኛ አርቆ ያለማየት ምክንያት ወይ የአእምሮ ድክመት ነው፣ ወይ ስንፍና፣ ወይ ችኮላ። ወደ ኋላ ማየትን የሚመለከተው «ሃይንድሳይት» የተባለው ቃላቸውም የሚያወራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣ ብልሃት ነው፤ እኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምንለው ዓይነት። ለጴጥሮስ ግን ወደ ኋላ ማየት ዘግይቶ የመጣ ጩኸት አይደለም። ከየት እንደ ወጣ የሚያስታውስ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያያል፤ የረሳው ግን ዛሬ ላይ ይታሰራል። ሐዋርያው ራሱ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ከቁጥር 12 እስከ 15 ሞቱ እንደ ቀረበ እያወቀ፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ምዕመናኑ ይህን ማስታወስ እንዲችሉ እንደሚተጋ ይጽፋል። አንድ ሽማግሌ እርሱ የማይኖርበትን ዘመን እያሰበ ሥራውን ሲያዘጋጅ እናያለን።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ለማየት ንጉሥ ሕዝቅያስን ማንሣት ይበቃል። ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት (2ነገ. 20፡1-6)። ከዚያ የባቢሎን መልእክተኞች መጡ፤ ንጉሡም ግምጃ ቤቱን አንድ ሳያስቀር አስጎበኛቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ ያ ሁሉ ሀብት ወደ ባቢሎን እንደሚጋዝ፣ ከአብራኩ ከሚወጡት ልጆችም ተወስደው በባዕድ ቤተ መንግሥት እንደሚያገለግሉ ነገረው። የንጉሡ መልስ ሁልጊዜ ያሳዝነናል። በእርሱ ዘመን ሰላም እስከሆነ ድረስ የተነገረው ቃል መልካም እንደሆነ ተናገረ (ቁ. 19)። ለራሱ ሞት ያን ያህል ያለቀሰ ሰው ለልጆቹ ምርኮ አንዲት እንባ አላፈሰሰም። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ምሥጢሩን ገልጦታል፤ ሕዝቅያስ ለተደረገለት ቸርነት ተገቢውን አልመለሰም፣ ልቡ ኮራ (2ዜና 32፡25)። የተደረገለትን ረሳ፣ ዓይኑ በራሱ ዘመን ላይ ቆመ። ሕዝቅያስ ደንቆሮ ንጉሥ አልነበረም፤ ውኃን ወደ ከተማ የሚያመጣ ቦይ ያሠራ መሐንዲስ ቢሉት ያንሰዋል። ቪዥን ሞልቶት ነበር።

አሁን ወደ ላቲኑ ቤተሰብ እንለፍ፤ ዋናው ነገራችን ያለው እዚህ ነው። ለነገ የማያስብ፣ ያገኘውን ሁሉ ዛሬ የሚጨርስ ሰው በእንግሊዝኛ «ኢምፕሮቪደንት» ይባላል። ቃሉን ስንፈታው መጀመሪያው ላይ ያለው «ኢም» አፍራሽ ነው፤ «ፕሮ» አስቀድሞ፤ «ቪደንት» ደግሞ ማየት ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። አስቀድሞ የማያይ። አፍራሹን ስናነሣለት «ፕሮቪደንት» ይሆናል፤ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ «ፕሮቪደንት ፈንድ» ሲባል ሰምቷል፤ ከደመወዝ እየተቆረጠ ለነገ የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። «ፕሩደንት» የሚለው የአስተዋይ ሰው መጠሪያም ከዚሁ ቃል አጥሮ የወጣ ነው። ሳይዘጋጁ በድንገት መሥራትን የሚገልጸው «ኢምፕሮቫይዝ» እንኳ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሥሩ አስቀድሞ ያልታየ ማለት ነው። (የኮንፈረንስ ኮሚቴዎቻችን ይህን ቃል ባያውቁትም ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁታል።)

የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም ግን «ፕሮቪደንስ» ነው። በሥነ መለኮት ትምህርት የእግዚአብሔር መግቦት የምንለው፦ ፈጣሪ ዓለሙን ፈጥሮ አልተወውም፣ ይጠብቀዋል፣ ይመግበዋል፣ ወደ ዓላማው ይመራዋል። ይህ ቃል በክርስትና ትምህርት ውስጥ ከሚጠቀስባቸው ስፍራዎች አንዱ ዘፍጥረት 22 ነው። ይስሐቅ እሳቱና እንጨቱ ይኸው፣ በጉስ የት አለ ብሎ ሲጠይቅ አብርሃም የሰጠው መልስ በዕብራይስጡ ማየት የሚለውን ግሥ የያዘ ነው፤ እግዚአብሔር ለራሱ በጉን ያያል እንደ ማለት። ጄሮም በላቲን ሲተረጉመው «አስቀድሞ ማየት» የሚለውን ግሥ ተጠቀመ። የእኛ ትርጉም በቁጥር 8 ማዘጋጀት ብሎ ፈታው። የቦታው ስም ግን በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ያህዌ ይርኤ ሆኖ ቀርቷል። ግዕዝ የሰማ ጆሮ ይህን ስም ሲሰማ አይቸገርም፤ ርእየ፣ አየ፤ የዕብራይስጡ ግሥ የቅርብ ዘመዱ ነው። «ራእይ» የሚለው ቃላችንም የተወለደው ከዚሁ ከርእየ ነው።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በላቲኑ ወገን «ቪዥን» እና «ፕሮቪደንስ» የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። በእኛ ወገን «ራእይ» እና «ይርኤ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በሁለቱም ቋንቋ አርቆ ማየትና ለሌላው አዘጋጅቶ መጠበቅ አንድ ቤት ያደጉ ናቸው። እግዚአብሔር አየ ማለት በጉ በቁጥቋጦው ውስጥ አለ ማለት ነው። የሚያይ ግን የማያዘጋጅ አምላክ መጽሐፍ ቅዱስ አያውቅም። ታዲያ የሚያይ ግን የማያዘጋጅ ቤተ ክርስቲያን ከየት መጣ?

ስለ ራእይ ስንናገር በየመድረኩ የሚጠቀሰውን ምሳሌ 29፡18ን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ራእይ የሌለው ሕዝብ ልቅ እንደሚሆን የሚናገረው ይህ ጥቅስ በአሁኑ ጊዜ ለሕንፃ መዋጮ፣ ለአምስት ዓመት ዕቅድ፣ ለአዲስ አርማ ሳይቀር ይጠቀሳል። በዕብራይስጡ ያለው ቃል ግን ነቢያት ከእግዚአብሔር የሚቀበሉት መገለጥ ነው፤ የቁጥሩ ሁለተኛ ክፍልም ስለ ሕግ መጠበቅ ያወራል። ዕቅድ ማውጣት መልካም ነው፤ ጥቅሱ ግን የዕቅድ ጥቅስ አይደለም።

ወደ «ኢምፕሮቪደንት» እንመለስ፤ ቃሉ ያሳለፈው ታሪክ አለና። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ይህ ቃል በአብዛኛው የሚወረወረው በድሆች ላይ ነበር። ቶማስ ማልቱስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1798 ስለ ሕዝብ ብዛት ባሳተመው ታዋቂ ድርሰትና ኋላ ባሰፋቸው እትሞች፣ ድሆች ማሳደግ ሳይችሉ እያገቡ መውለዳቸው ለድህነታቸው ምክንያት እንደሆነ ተከራክሯል፤ ለድሆች የሚሰጠው እርዳታም ቀስ በቀስ እንዲቀር ይፈልግ ነበር። ማልቱስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ይህን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ደግሞ እርዳታ የፈለገ ጤነኛ ድሃ ቤቱን ትቶ ወደ ድሆች የሥራ መጠለያ እንዲገባ፣ እዚያም ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያደርግ አሠራር አመጣ። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የነበረው ስሜት ቀላል ነው፦ እነዚህ ሰዎች የተራቡት ለነገ ስለማያስቡ ነው። በዚያው ዘመን ግን እነዚያው ድሆች በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ የታመመ የሚጦሩበት፣ የሞተ የሚቀብሩበት ማኅበር ነበራቸው፤ ዕድር ብንለው አንሳሳትም። አርቆ ማየት የሚያውቀው ማን እንደ ነበር ፍረዱ።

አማርኛችን በዚህ በኩል ደግ ነው። «ከእጅ ወደ አፍ» ስንል ኑሮውን ነው የምንገልጸው እንጂ ሰውየውን አንከስም። የሚከሰው ሌላ ነው፤ ሌላው ሲነካን ግን ከእንግሊዞቹ አናንስም። ከአረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችንን በምክር አገልግሎት አዘውትረን እናገኛቸዋለን። ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ሪያድ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርተው በሻንጣ ልብስ ብቻ ይመለሳሉ። ዘመድ ምን ይላል? «ያን ሁሉ ዓመት ሠርታ ለነገ የማትል!» የላከችው የት ገባ ብለን ስንጠይቅ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ የአባት መድኃኒት ነው፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ እርሷ ያላየችው የእህት ሠርግም ነው። ከቤተሰቡ መካከል እስከ ወንድሟ ምረቃ ድረስ አርቃ ያየች እርሷ ብቻ ነበረች። ለእርሷ ያየላት ግን አልነበረም። «ኢምፕሮቪደንት» የሚለው ቃል እዚህ የሚገባው ለማን እንደሆነ ግልጽ ይመስለናል፤ ለእርሷ አይደለም። ገንዘቡ በየወሩ ሲደርሳቸው አንድ ቀን ትመለሳለች ብለው ያላሰቡት ናቸው አርቀው ያላዩት።

ሌሎቹን ቃላት ባጭሩ እንለፋቸው። «ሬክለስ» የሚሉት ግድ የለሽ ማለት ነው፤ በዚህ ቃል ውስጥ ዓይን የለም፣ ሥሩ መጨነቅና ግድ ማለት ነው። «ብሊንከርድ» የሚሉት እንደ ጋሪ ፈረስ ግራ ቀኙ የተሸፈነ ማለት ነው፤ እኛም እንደ ጋሪ ፈረስ እንላለን፤ ፈረሱ ግን መሸፈኛውን ራሱ እንዳላጠለቀ መርሳት የለብንም። የሉቃስ 15ቱን ልጅ እንግሊዝኛው «ፕሮዲጋል» ብሎ በማባከኑ ሲጠራው እኛ የጠፋው ልጅ ብለን በመጥፋቱ እንጠራዋለን፤ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉ የተመለሰ ማለት ይመስላቸዋል። የእኛ ስም ለታሪኩ የሚቀርብ ይመስለናል፤ አባቱ የፈለገው ገንዘቡን አልነበረምና።

አንድ አባባል ግን ትንሽ ያቆየናል። በሳንቲም ብልህ፣ በፓውንድ ሞኝ የሚሉት ሰው አላቸው። እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር፤ ስለዚህ አባባሉ ሲፈጠር በፔኒዋ ላይ ሲከራከር ውሎ 240 እጥፉን ሳያይ የሚያስወጣ ሰው ነበር የታሰበው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአንዳንድ አጥቢያ የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ለአንድ አረጋዊ ወንጌላዊ የመድኃኒት ድጎማ ሁለት ሰዓት ክርክር ይደረጋል። የድምፅ ማጉያው ግዢ በአሥር ደቂቃ ያልፋል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ደርሰናል። በየክፍለ ሀገሩ ወንጌልን በእግራቸው ያዳረሱ አባቶችና እናቶች አሉ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ በየሰው ቤት እየዞሩ ቅዱሳንን ያስተማሩ፣ ለዚያም የታሰሩ ብዙዎች ናቸው። ዛሬ ከእነርሱ መካከል ጡረታ የሌላቸው፣ በልጆቻቸው ቤት ወይም በአንድ ቸር ምዕመን ግቢ የሚኖሩ አሉ። ሲያገለግሉ ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፤ ከዚያች ትንሽ ላይ ለነገ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ስለ ነገ የጠየቁ ዕለትም «ዋጋዎ በሰማይ ነው» ተባሉ። ዋጋቸው በሰማይ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ይህን የሚናገረው ሰው የራሱን ዋጋ በምድር በየወሩ እየተቀበለ ከሆነ ንግግሩ ስብከት መሆኑ ያጠራጥረናል። እንዲህ ዓይነቱ አጥቢያ በመግቢያው ላይ ባነር ሰቅሏል፤ የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ራእይ በትልቁ ተጽፏል፤ ስንት አጥቢያ እንደሚተከል፣ ስንት ነፍስ እንደሚደረስ። ከባነሩ ሥር በዱላ ተደግፈው የሚገቡት አዛውንት ግን በዕቅዱ ውስጥ የሉም። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካኖች «ፋርሳይትድ» ይኸው፤ የሩቁን እያነበበ መዳፉ ላይ ያለውን የማያነብ ዓይን።

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ለይቶ ተናግሯል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፡8 ላይ ለራሱ ወገኖች፣ ይልቁንም ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቆጠራል ይላል፤ ከማያምን ሰው እንኳ ይከፋል። እዚያ ያለው የግሪክ ግሥ አስቀድሞ ማሰብ ማለት ነው፤ ግሪኮች መግቦትን የሚጠሩበት ስምም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። የእኛ ተርጓሚዎች «ማሰብ» የሚለውን ቃል መጠቀማቸው ደስ ይላል፤ አማርኛ ሲናገር ለሰው ማሰብና ለሰው ማዘጋጀት ይቀራረባሉና። ምዕራፉ በሙሉ ስለ መበለቶች ጡረታ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ማን በመዝገብ ይጻፍ፣ ስንት ዓመት የሞላት፣ ዘመድ ያላት በዘመዶቿ ትረዳ፣ የሌላት በቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ቁጥር 17 እና 18 ላይ ስለሚያስተምሩ ሽማግሌዎችና ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ይናገራል። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ከራእዩ ዝቅ ብሎ ወደ አስተዳደር የወረደ አልመሰለውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ገና ወንጌልን በመመርመር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ብዙ ጊዜ ትጠይቁናላችሁ። ጌታ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አላስተማረምን? (ማቴ. 6፡34) ታዲያ እምነት ማለት አለማቀድ አይደለም ወይ? የሚገርመው ነገር በእንግሊዝኛው ዓለም ይህ ግራ መጋባት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የ1611ዱ ዝነኛ ትርጉም እዚህ ቦታ ላይ ዛሬ «ማሰብ» ተብሎ የሚፈታውን ቃል ተጠቅሟል። በዚያ ዘመን ያ ቃል ጭንቀትንም ይገልጽ ነበር። በኋላ ያ ትርጉሙ ጠፋና ለአንዳንድ አንባቢዎች ጌታ ስለ ነገ ማሰብን የከለከለ መሰላቸው። እኛ ይህ ችግር የለብንም፤ አማርኛው ጭንቀት ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ስለዚህ ምክንያታችን ሌላ መሆን አለበት።

ያው ጌታ ግንብ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል (ሉቃ. 14፡28)። ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያቀደውን ሀብታም ግን ሰነፍ ብሎታል (ሉቃ. 12፡16-21)። ሁለቱም አቅደዋል። የሀብታሙ ዕቅድ ለብዙ ዓመት የሚሆን ነበር፤ በማንኛውም የንግድ መለኪያ አርቆ አሳቢ ነው። ዕቅዱን አንብቡት ግን፤ በውስጡ ከእርሱ ሌላ ሰው የለም። ዮሴፍ በግብፅ ያዘጋጀው ጎተራም ትልቅ ነበር፤ ሰባት የጥጋብ ዓመት ሙሉ ከምርቱ አንድ አምስተኛ እንዲሰበሰብ መክሯል (ዘፍ. 41፡34)። ከዚያ ጎተራ ግን ግብፃዊውም ከነዓናዊውም፣ የሸጡት ወንድሞቹም በሉ። ኤሳው በአንድ ወጭት ምስር ብኩርናውን ሲሸጥ ተርቦ ነበር፤ ርሃብ እንደሚያሳውር እናውቃለንና በእርሱ ላይ ከምንፈርደው ይልቅ በጎተራው ሀብታም ላይ ብንፈርድ ይሻላል። ጠግቦ ነበርና።

«እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ማለት ትልቅ የእምነት ቃል ነው። አብርሃም የተናገረው ግን እንጨቱን ፈልጦ፣ አህያውን ጭኖ፣ ሦስት ቀን ተጉዞ፣ ራሱ ሊከፍል የሚችለውን ሁሉ ይዞ ተራራው ላይ ሲወጣ ነው። ሌላው እንዲከፍል ለመንገር አልተጠቀመበትም። መጋቢው ለወንጌላዊው፣ አሠሪው ለሠራተኛው፣ ዘመድ ለስደተኛዋ ሲናገረው ቃሉ ያው ነው፤ የሚሸከመው ትከሻ ግን ተለውጧል።

ስለዚህ በቁጥር እንነጋገር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 ያመጣው አሠራር፣ በዛሬው ስሌት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ተቆርጦ አሠሪው 11 በመቶ የሚጨምርበት ነው። ከዚያ በፊትም «ፕሮቪደንት ፈንድ» ነበር፤ በብዙ ድርጅቶች ዛሬም አለ። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ወንጌላዊ ቢኖር የቤተ ክርስቲያኒቱ ድርሻ በወር 1,100 ብር ይሆናል፤ የእርሱ 700። በዓመት ሁለቱ ተደምረው 21,600 ብር። ይህን መስማት ለመንፈሳዊ ጆሮ ደረቅ ነው፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5ም ደረቅ ነው። ለእናንተ አጥቢያ የትኛው መንገድ እንደሚሠራ የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የሕግ ባለሙያ ከምዕመኑ መካከል አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያገለግል የሚጋበዘው ግን ወንበር እንዲደረድር ነው።

ቀድሞ ላገለገሉትና ምንም ላልተቀመጠላቸው ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ዝርዝራቸው አለ? ዕድሜያቸው፣ የሚኖሩበት ቤት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ሲታመሙ የሚደወልለት ሰው ስልክ? የጳውሎስ መበለቶች በመዝገብ ይጻፉ ነበር። ከአሜሪካም ከአውሮፓም ለኮንፈረንስ ማሠሪያ የምትልኩ ወገኖቻችን ከምትልኩት ጋር ይህን ጥያቄ አብራችሁ ላኩ፤ ገንዘብ የሚልክ ሰው ጥያቄ ቶሎ ይመለስለታል።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የዓመቱ በጀት ሲነበብ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ ለአረጋውያን አገልጋዮቻችን የተያዘው በየትኛው መስመር ላይ ነው ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «እንጸልይበታለን» ከሆነ ጸልዩ። ከአሜን በኋላ ግን ውሳኔው የሚቀርብበት ቀን በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።